የለመደ መሬት

ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ለልጅቷ ማደሪያ የለመንኩላት እኔ ነኝ፤ ያንን ማደሪያ ያሳጣኋትም እኔው ነኝ። በመካከሉ ሦስት ዓመት ገደማ አለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ክፉ አስቤላት አላውቅም። ቤት የሰጠቻት ሴትም ክፉ አላሰበችም፤ ርዕሰ መምህሩም ክፉ ሰው አይደለም። ሁላችንም ደግ ሆነን ነው ልጅቷን ከትምህርት ያስወጣናት፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

መካነ ሰላም ሒሳብ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከተማሪዎቼ የሚበዙት የገጠር ልጆች ናቸው። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ሊያመጡ ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሑድ ዱቄትና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሰኞ ጠዋት ግማሹ ክፍል የሚያንቀላፋው ለዚህ ነው፤ እኔም ሰኞ ጠዋት አዲስ ትምህርት አልጀምርም። መከራየት ያልቻለ ዘመድ ይጠጋል። ዘመድ የሌለው፣ ግን ትምህርት የሚገባው ልጅ ደግሞ አንድ ሌላ መንገድ ነበረው፤ የሰው ልጅ እያስጠና በሰው ቤት ማደር።

እኔ ራሴ የተማርኩት እንደዚያ ነው። ኩታበር አንድ ነጋዴ ቤት አራት ዓመት ተቀምጬ ሦስት ልጆች አስጠንቻለሁ። ትንሹ ምንም የማይገባው ነበር፤ እሱን ለማስረዳት ስል ነው ሒሳብ ለራሴ የገባኝ። ይህ ነገር በየትኛውም የትምህርት ቅጽ ላይ ተጽፎ አላየሁም። ስንት ልጅ በዚህ መንገድ እንዳለፈ የቆጠረም የለም። ለቤቱ ባለቤት ማስጠናት ነው የምንለው፤ ለእኛ ግን እንጀራና ጣሪያ ነበር።

ልጅቷ የመጣችው ወደ ዓባይ ከሚወርደው ወገን፣ ለደህና እግረኛ አራት ሰዓት ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች ከሁለት የሰፈሯ ልጆች ጋር ተከራይታ ነበር። ሁለቱም በመጀመሪያው ዓመት መንፈቅ ላይ አቋርጠው ቀሩ። አባቷ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው፤ ሴት ልጅ ብቻዋን ክፍል ይዛ አትቀመጥም ብለው ሊወስዷት መጡ። እውነትም ነበራቸው። አንድ ሳምንት ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ በሳምንቱ ቤት አገኘሁላት።

ቤቱ ከመናኸሪያው በላይ ነው። ባለቤቷ ዐሥራ አንድ ዓመት ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፤ ባጠራቀመችው ቤት ሠርታ የልብስ ሱቅ ከፍታለች። አንዲት ልጇ እናቷ ሳትኖር ነው ያደገችው፤ ከኔዋ፣ ማደሪያ ከምለምንላት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ነበሩ፤ በሒሳብ ግን ከኋላ ነው የምትቆጠረው። ሴትዮዋ የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማየት። ስምምነቱን በኔ ፊት አደረግን። ልጅቷ በየቀኑ ከትምህርት መልስ ታስጠናለች፤ በምትኩ ትበላለች፣ ትተኛለች። ሴትዮዋ አንድ ነገር ጨመረች፦

«ሥራ ግን አትሠራም። የሰው ቤት ሥራ ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። በኔ ቤት የሰው ልጅ ጎንበስ አይልም።»

ይህን ስትል ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። አምኛታለሁ፤ እስካሁንም ከልቧ እንደነበር አምናለሁ።

አንድ ቀን ድንገት ብቅ ብዬ ሲያጠኑ አገኘኋቸው። የሴትዮዋ ልጅ ሎጋሪዝም አልገባ ብሏት እያለቀሰች ነው። የኔዋ ከአልጋው ላይ ጋቢ ገፈፈችና አንድ ጊዜ አጠፈችው። «ስንት ድርብ ሆነ?» ሁለት። ደግማ አጠፈችው፤ አራት። ሦስተኛ አጠፈችው፤ ስምንት። «እንግዲህ ሎጋሪዝም ሌላ ምንም አይደለም። ስምንት ድርብ የሆነ ጋቢ ሰጡሽና ስንት ጊዜ ታጥፏል አሉሽ። ጥያቄው እሱ ብቻ ነው።» ከዚያ ዝም ብላ ጠበቀች። መልሱን አልነገረቻትም። ያቺ ልጅ ዐይኗን እየጠረገች ሦስት እስክትል ድረስ ጋቢውን በእጇ ይዛ ቆማ ጠበቀቻት። እኔ ይህን ትምህርት ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ጋቢ ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጋቢ ይዤ ነው ክፍል የምገባው፤ ከማን እንደተማርኩት ለተማሪዎቼ ተናግሬ ግን አላውቅም።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ፣ ኅዳር ላይ፣ ደሴ ለሦስት ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ርዕሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በትምህርት ቤት የሚል ነበር። ከማሻ የመጣ አንድ መምህር የኛ ትምህርት ቤት መብራት ራሱ የለውም ብሎ ተናገረ፤ አሠልጣኙ ስለ ወደፊቱ ነው የምናወራው ብሎ አለፈው። የደጎሎው መምህር ደግሞ ተማሪዎቼ ከኔ ቀድመው ሠልጥነዋል፣ እኔ የመጣሁት ልደርስባቸው ነው እያለ አሳቀን። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደድኩት። በስልኬ በአማርኛ ጠየቅሁት፣ በአማርኛ መለሰልኝ። አልገባኝም ስለው ሳይሰለች ደገመልኝ። አንድ ወንበር ላይ አራት ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ጉሮሮዬን ጨርሼ፣ አልገባኝም የሚለኝን ልጅ ዝም በል ያልኩባቸው ቀናት ሁሉ ትዝ አሉኝ። በመንገዴ ላይ ባለው በአቀስታ ደጋ ብርድ ሚኒባሱ መስኮት ላይ ተደግፌ ስመለስ ልቤ ሞቆ ነበር።

ርዕሰ መምህሩም ጊዜ አላባከነም፤ የዐሥር ዓመት ዕቅድ አዘጋጂ አለኝ። ርዕሱ «ትምህርት ቤቱ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር የሚላመድበት ስልት» ይላል። ቅጹ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። ተግባር፣ ጊዜ፣ ፈጻሚ፣ የሚጠበቅ ውጤት፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ የሚጎዳ ወገን ካለ ይገለጽ ይላል። እዚያ ላይ ከላይ እስከ ታች «የለም» ብዬ ሞላሁ። ለመጻፍ ብዙም አልፈጀብኝም።

ዕቅዱ ለወላጆች መነገር ነበረበትና ስብሰባ ጠራን። እኔ ተናጋሪ ነበርኩ። አንደበቴ አይታማም፤ እንላመዳለን፣ መላመድ ግዴታችን ነው እያልኩ ደጋግሜ ተናገርኩ። በመጨረሻ የልጅቷ አባት ከኋላ ተነሡ።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይኼ ሰው ሠራሽ ያሉት እንደ ማዳበሪያው ነው?»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«ማዳበሪያው የመጣ ጊዜ እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ስንዴው ወገብ አከለ። ደስ አለን፤ ፍጉንም ተውነው፣ ማሳ ማሳረፉንም ተውነው። አሁን መሬቱ ለመደው። ያለሱ ዘሩን እንኳ አይመልስም። ማዳበሪያው በቀረ ዓመት ታዲያ የምንራበው እኛው ነን። እርስዎ መላመድ መላመድ ሲሉ ሰማሁና ነው።»

እኔ ምን አልኩ? «አባቴ፣ የሰው ጭንቅላት መሬት አይደለም» አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። እሳቸው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀመጡ። ያ ጭብጨባ አሁን ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል።

ከስብሰባው በኋላ ሴትዮዋ ያዘችኝ። ያልሽውን ነገር ቤት መጥተሽ አሳይን አለችኝ። ስልክ አላቸው፣ ኔትወርክም ይገባል፤ አጠቃቀሙን ነው ያላወቁት። እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ሻይ ቀረበልኝ፤ ስልኩን ከፍቼ አስተካከልኩላቸው። ሴትዮዋ ተጠራጣሪ ናት፤ ይኼ ነገር ይዋሻል ሲሉ ሰምቻለሁ አለች። እኔም በኩራት ብዛት፣ አስጠኚዋ ትፈትነው አልኩ።

የሴትዮዋ ልጅ ከቤት ሥራዋ አንድ ጥያቄ አስገባች። ስልኩ መልሱን ከነአሠራሩ ደረደረው። የኔዋ ደብተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ራሷ ሠራችው፤ ከዚያ ስልኩን አየች፤ ከዚያ ደግሞ እኔን አየችኝ።

«ልክ ነው፣ ቲቸር።»

ሁለተኛውም ልክ ነው አለች። ሦስተኛው ላይ ረጅም ጊዜ ወሰደች። ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ፣ ልጇ አፏን ከፍታ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ እርሳሷን አስቀመጠችና ይኼኛውስ ከኔ አሠራር ያጥራል አለች። ሴትዮዋ እጇን አጨበጨበች። እኔ በስልኩም በልጅቷም ኮራሁ፤ ሁለቱንም እኔ የወለድኳቸው ይመስል። ሻዬን ጠጥቼ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ሁለቱ አንድ ላይ ስልኩ ላይ ይጎነበሱ ነበር። ቆይቶ የሴትዮዋ ልጅ ስልኩን ይዛ ለብቻዋ መቀመጥ ጀመረች፤ ባለስልኳ እሷ ናትና ማን ይከለክላታል። የኔዋ ሥራ ፈታች። የገበሬ ልጅ ደግሞ የሰው እንጀራ በልታ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አይሆንላትም፤ ታፍራለች። መጥረጊያውን ያነሣችው ራሷ ናት። ሴትዮዋ መጀመሪያ ተይው አለቻት፤ ሁለተኛም ተይው አለቻት፤ ሦስተኛ ቀን ዝም አለች። ከዚያ ዕቃው ቀጠለ፣ ልብሱ ቀጠለ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ጠዋት ሱቅ መክፈቱ። ማንም ሠራተኛ ሁኚ ያላት የለም። ያ በኔ ፊት የተደረገ ስምምነት ማንም ሳያፈርሰው ፈረሰ።

እኔ ምን አየሁ? ማርፈዷን አየሁ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ታረፍድ ነበር። አንድ ጠዋት በር ላይ አቆምኳትና በክፍሉ ሁሉ ፊት «አንቺም ስልክ ገዛሽ እንዴ? ስልኩ ያስተምረኛል፣ ቲቸርን ምን አደርጋታለሁ ብለሽ ነው?» አልኳት። ልጆቹ ሳቁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብላ በአጠገቤ አልፋ ተቀመጠች። እጇ በረኪና ይሸታል። ሸተተኝ፤ ደህና አድርጎ ሸተተኝ። ጠመኔዬን አንሥቼ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ስለ አስተውሎት ለዐሥር ዓመት የሚሆን ዕቅድ የጻፈች ሴት የበረኪና ሽታ ምን ማለት እንደሆነ አላስተዋለችም።

ዓመቱ ሲያልቅ ከአንደኝነት ወርዳ ነበር። የሴትዮዋ ልጅ የቤት ሥራ ውጤት ደግሞ እንደ ጉድ ወጥቶ ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ገጽ ላይ ጽፌያቸዋለሁ።

መስከረም ላይ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲመዘገቡ ልጅቷ አልመጣችም። አንድ ሳምንት ጠበቅሁና ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ሴትዮዋ ጨርቅ እየለካች ነበር፤ ስታየኝ ሜትሩን አስቀመጠችው።

«ሄደች እኮ። አልነገረችሽም?» አለች። «ወላሂ እኔ ውጪ አላልኳትም። እሷ ናት እትዬ፣ ሠራተኛ መሆኔ ካልቀረ በደመወዝ ልሁን ያለችኝ። ምን ልበላት? ፓስፖርቱንም፣ የምትገባበትንም ቤት የጨረስኩላት እኔ ነኝ። ሌላ ምን አለኝ? እኔ የማውቀው መንገድ እሱ ብቻ ነው።» ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና አፉ በይኝ አለችኝ።

ልቆጣት አፌን ከፍቼ ነበር። እኔ መቆጣት አያንሰኝም፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ሲያዩኝ ሻያቸውን ይዘው የሚወጡ አሉ። ግን ያን ስልክ ማን ከፍቶ እንዳስተካከለው ትዝ አለኝና አፌን መልሼ ዘጋሁት።

አባቷን በገበያ ቀን አገኘኋቸው። ገብስ ይዘው መጥተዋል። እንደምን አሉ ተባባልን፤ ከብቱ፣ አዝመራው፣ ቤተሰቡ ተጠየቀ። በሰላም ገባሁ ብላለች አሉኝ። ስለ ማዳበሪያው ያነሣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላነሡም። ስንት ክፍል ቀርቷት እንደነበር ጠየቁኝ። አንድ አልኳቸው።

«አንድ» አሉ እሳቸውም። ከዚያ ጆንያቸውን አሥረው ተሰናበቱኝ።

በጥቅምት የስልክ ቁጥሯን ከሴትዮዋ ወስጄ ደወልኩላት። ድምፄን ስትሰማ «ቲቸር» አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር የደወልኩት፤ የሚረባ ነገር ሳልናገር ጊዜው አለቀ። እሷ ግን አንድ ነገር ነገረችኝ።

«ያን ዕለት፣ ስልኩን ሲያሳዩን፣ ሲሳሳት ጠብቄው ነበር። ሦስተኛው ላይ ተሳስቷል ልበል ብዬ አስቤም ነበር። ግን ልክ ነበር፣ ቲቸር። ሒሳብ አይደል፤ ምን ብዬ ልዋሽ?»

ያን ቀን ሥራ አልገባሁም። አሞኛል ብዬ ላክሁ፤ አሞኝም ነበር።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁና ዕቅዱን መልስልኝ፣ የማስተካክለው አለ አልኩት። የመጨረሻውን ዓምድ ልሰርዝ ፈልጌ ነው። «የለም» የሚለውን አጥፍቼ «እያስጠኑ በሰው ቤት የሚያድሩ ተማሪዎች» ብዬ ልጽፍ፤ ከስልኩም ከኮምፒውተሩም በፊት፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ለገጠር ልጃገረዶች ማደሪያ ይሠራ ብዬ ልጨምር።

«ማደሪያ ከአስተውሎት ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለኝ። በንቀት አልነበረም፤ የእውነቱን ነው የጠየቀኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። እዚህ አገር አንድ ልጅ ሌላውን ማስረዳቱ ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ እራትም ነበር፣ አልጋም ነበር፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ሳታገባ ሌላ አንድ ዓመት መቆያ ነበር። አሁን ማስረዳት በነፃ ከስልክ የሚገኝ ነገር ሆነ። እሰየው ነው። ግን ያ ሁሉ ያረፈው በእሱ ላይ ነበር። ምሰሶውን ከመንቀላችን በፊት ቀና ብለን ጣሪያውን ማየት ነበረብን። ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን ይላመዳል ከተባለ መጠየቅ ያለበት ስልኩ ምን ያስተምራል ብቻ አይደለም፤ ስልኩ ሲመጣ ማን ራቱን ያጣል ብሎም መጠየቅ ነው።

እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ስንት ናቸው አለኝ። አላውቅም፤ ማንም ቆጥሯቸው አያውቅም። የማውቀው አንዷን ነው አልኩት። በአንድ ሰው ዕቅድ እንደማይከለስ፣ ሰነዱም ማኅተም ተደርጎበት ወደ ላይ እንደሄደ በትሕትና ነገረኝ። ስወጣ በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

በዕቅዱ ማድረግ ያልቻልኩትን በክፍሌ ልሞክር አልኩ። የቤት ሥራ ላይ ማርክ መስጠት ተውኩ። መልሱን ከየትም ያምጡት፣ ከስልክም ይሁን፤ ማርኩን የሚያገኙት ግን አጠገባቸው ላለው ልጅ አስረድተው፣ ያ ልጅ ተነሥቶ ለኔ ሲያስረዳኝ ነው። ልጆቹ ጠሉኝ። ጎበዝ የምላቸው ልጆች ሰሌዳ ላይ ወጥተው እንዲህ ነው የሚለው ብለው ቆሙ። ማን ነው የሚለው ስላቸው ዐይናቸው ወደ ኪሳቸው ይሄዳል። ስልኩ ከገባ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው ይህ የሆነው። ያ የጋቢው ነገር፣ ያ ቆሞ መጠበቅ፣ ከክፍሌ ውስጥ ጠፍቶ ነበር።

ግንቦት ላይ መንገዱ ተዘጋ፤ ኔትወርኩም ጠፋ። ለዚህ አዲስ አይደለንም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። የዚያን ጊዜ ግን እስከ ፈተናው ሳይመለስ ቀረ። ሴትዮዋ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ስልኩ ሞቷል፣ ልጄ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች አለች።

«እንደዚያች ያለች ፈልጊልኝ። ክፍሉን ለብቻዋ እለቅላታለሁ። ሥራም አላሠራትም፤ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አላሠራትም።»

ፈለግኩ። በማስተምርባቸው ሦስቱም ክፍሎች ዞርኩ። በማስጠናት የሚያድር አለ ብዬ ጠየቅሁ፤ አምና እንኳ እጃቸውን የሚያወጡ ልጆች ነበሩ። አንዱ አቋርጦ ሄዷል፤ አንዷ አግብታለች። የቀሩት ጎበዞች ደግሞ ማስረዳት ረስተዋል። የልጅቷ አባት ስለ መሬታቸው ያሉት ትዝ አለኝ፤ ፍጉንም ተውነው፣ ማሳረፉንም ተውነው። ተመልሼ የለችም አልኳት።

እኔው ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ ልጇን አስጠናኋት። ደግ ልጅ ናት፤ ሰነፍም አይደለችም። በሦስተኛው ቀን እሷ እንደዚህ አልነበረም የምትለኝ አለች። እሷ ማን ናት ስላት አቀርቅራ ነገረችኝ። ዓመቱን ሙሉ ያልገባትን ሁሉ ለልጅቷ ስትልክላት ነበር። መልሱን ከስልኩ ታገኛለች፤ ካልገባት ወደ ዐረብ አገር ትልካለች፤ የኔዋ ልጅ ከሥራ በተረፋት ደቂቃ በድምፅ እየቀዳች ትመልስላታለች። እናቷ አታውቅም። ያቺ ልጅ በማታድርበት ቤት እስካሁን ታስጠናለች ማለት ነው። ኔትወርኩ የጠፋ ዕለት ጠዋትም አንድ ጥያቄ ልካ ነበር፤ የሎጋሪዝም ጥያቄ፤ መልሱ አልደረሳትም።

ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሰጠ። ገቡ፤ ወጡ። ኔትወርኩ የተመለሰው እነሱ ከወጡ በስድስተኛው ቀን ነው። የሴትዮዋ ልጅ በጠዋት ስልኳን ይዛ መምህራን ክፍል መጣች፤ ማንም አልነበረም። ቲቸር፣ ይስሙት አለችኝና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የመጀመሪያው መልእክት ሹክሹክታ ነው። ማዳም ተኝታለች፣ አንሶላ እያጠፍኩ ነው፣ ያው እንደ ጋቢው ነው ይላል። አንድ ጊዜ አጠፍኩት፣ ሁለት ድርብ። ደገምኩት፣ አራት። ጨርቁ ሲንሿሿ ይሰማል። ሦስተኛ አጠፍኩት፣ ስምንት። «እንግዲህ ስምንት ድርብ አንሶላ ሰጡሽ። ስንት ጊዜ ታጥፏል?» ከዚያ ዝም። እንደ ድሮው ትጠብቃለች። መልእክቱ እስኪያልቅ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

ሁለተኛው ከአራት ቀን በኋላ የተላከ ነው። ምነው ዝም አልሽኝ፣ ካልገባሽ በሌላ መንገድ ልንገርሽ ይላል። ሦስተኛው ተቆጥተሽኝ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የመጨረሻው የተላከው በፈተናው ዋዜማ ነው።

«ነገ አይደል ፈተናሽ? አብሽሪ። ያቺን ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ። ስንት ጊዜ ነው የታጠፈው?»

ሁለታችንም ስልኩን እያየን ቆምን። የሴትዮዋ ልጅ ስልኩን አንሥታ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ሦስት» አለች።